ታክሲ ውስጥ የተባለው

«በጣም አሪፍ ነበር።» «5/5።» «በርቱ!» «ዋይፋዩ አይሠራም።» «ምሳው ዘገየ።» «እግዜር ይስጥልን።»

አንድ የሶፍትዌር ዴቨሎፐሮች ኮንፈረንስ ላይ በጎ ፈቃደኛ ሆኜ ስሠራ የደረሰኝ ድርሻ እነዚህን ማንበብ ነበር። ታዳሚው ኪውአር ኮዱን ስካን አድርጎ ፎርሙን ይሞላል፤ እኔ ደግሞ ማታ ቃሊቲ ቤቴ ቁጭ ብዬ መልሱን በየተናጋሪው እለያለሁ። ከመቶ በላይ ሰው ሞልቷል። ስለ ንግግሮቹ ቁም ነገር ያለው መልስ ግን በጣት የሚቆጠር ነው። ስለ ምሳው ከሆነ ጉድ ነው፦ ወረፋው፣ የወጡ መቀዝቀዝ፣ ለጾመኛ የቀረበው ማነሱ፣ ሁሉም በዝርዝር ተጽፏል።

ሰው አስተያየት የለውም እንዳትሉ። በዚያው ቀን አመሻሽ ከለገሃር የቃሊቲ ሚኒባስ ስሳፈር ከኋላዬ የተቀመጡት ከኮንፈረንሱ የወጡ ልጆች ነበሩ። ቂሊንጦ ያለው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው፤ ቃሊቲ ወርደው ሌላ ታክሲ ይይዛሉ። ሳሪስ ሳንደርስ የዕለቱ ተናጋሪ በሙሉ ተበጥሮ አለቀ።

«ያ የዳታቤዙ ልጅ ኮዱን በጥቁር ስክሪን ላይ በጉንዳን ፊደል ለጥፎ፣ ከኋላ ያለነው ምን እንይ?»

«ማይክሮሰርቪስ ማይክሮሰርቪስ ይላል። ሺህ ተጠቃሚ ለሌለው ሲስተም ምን ሊያደርግለት?»

«ከሰላሳው ደቂቃ ሃያውን ስለራሱ ነው ያወራው እኮ!»

ረዳቱ ሳይቀር ይስቃል። እኔ ግን መሳቁን ትቼ እያዳመጥኩ ነበር፤ የሚሉት ሁሉ ትክክል ነው። ዞር ብዬ አንዱን «ለዳታቤዙ ልጅ ፎርሙ ላይ ስንት ሰጠኸው?» አልኩት።

«አምስት።»

«ለምን?»

«እንዴ፣ ልጁ ለፍቷል! ደግሞ በነጻ ነው የመጣው።»

ይሉኝታ ነው ብዬ ልዘጋው ነበር። ግን ፎርሙ ስም አይጠይቅም። ማን እንደጻፈው የማይታወቅ ነገር ላይ ማንን ተፈርቶ ነው ይሉኝታ? ደግሞ እኛ የዚህ ሙያ ሰዎች ቀኑን ሙሉ ስንተቻች ነው የምንውለው። ኮድ ሪቪው ላይ «ይሄ ፈንክሽን ሦስት ሥራ እየሠራ ነው፣ ከፋፍለው» ተብሎ ተኮርፎ የቀረ ሰው አላውቅም። ያው ሰው መድረክ ላይ ሲወጣ ግን እንደ ሙሽራ ይታያል፤ ሙሽራ ደግሞ አይተችም።

የኔ ግምት ሌላ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ በር ላይ የተሰቀለውን የአስተያየት መስጫ ሳጥን ታውቁታላችሁ። ቁልፉ ዝጓል፤ ሲከፈት ያየ ሰው የለም። ፎርማችን የዚያ ሳጥን ልጅ ነው። ሰው ስለ ምሳው የጻፈው በሚቀጥለው ዓመት ምሳ እንደሚኖር ስለሚያውቅ ነው። ተናጋሪው ግን ያንብበው አያንብበው፣ ይመልስ አይመልስ፣ ማን ያውቃል?

በሌላ በኩል ደግሞ ግምገማ አለ። አባቴ አቃቂ ውስጥ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር፤ «ነገ ግምገማ አለብን» ያለ ማታ እራት አይገባለትም። እዚያ የሚገመገመው ሥራው አልነበረም፤ ሰውዬው ነበር። የጎረምሳ ፀብ፣ የድሮ ቂም፣ ሁሉም ይወጣል። መጨረሻ ላይ «ሂሴን ውጫለሁ» ይባላል። ቃሉን ልብ በሉት፦ ይዋጣል እንጂ አይታኘክም። እንግዲህ ማንም የማይከፍተው ሳጥንና ተከፍቶ ሰው የሚበላ ስብሰባ ነው ያወረስነው። በሁለቱ መሃል ጀማሪ የት ይማር?

ይሄን እንድብሰለሰል ያደረገችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ወጥታ ስለ አማርኛ ፍለጋ ተናግራ ነበር። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ 3.0 ላይ ሲገባ ሀ፣ ሐ እና ኀ ለየራሳቸው ቁጥር ተሰጣቸው። ለኛ ጆሮ አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተሩ ግን ሦስት ባዕድ። «ፀሐይ» ብሎ የፈለገ ሰው «ጸሀይ» ተብሎ የተጻፈውን አያገኝም። የሷ መፍትሔ፣ ብዙዎች እንደሚያደርጉት፣ ከፍለጋው በፊት ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ወደ አንድ ፊደል መቀየር ነው። ሳምንታት ለፍታበታለች።

የደረሳት አስተያየት ይኸውላችሁ፦ «ድምፅሽ ያምራል።» «ሴቶች ሲወጡ ደስ ይላል።» «ጮክ በይ።» አንዱ ስለ ፀጉሯ ጽፏል። ስለ ፊደሎቹ አንድም ቃል የለም። ልኬላት ስታነበው «ሁለተኛ አልወጣም፤ ማንም አልሰማኝም» አለች።

ሰምተዋታል እኮ! ታክሲው ውስጥ አንዱ ልጅ ያለውን አልረሳውም፦ «ሁሉንም ወደ አንድ ከለወጠችው ሠረቀና ሰረቀ አንድ ሆኑ ማለት ነው። የወጣችው ፀሐይ ሌባ ልትሆን ነው!» በግዕዝ በንጉሡ ሠ ሲጻፍ መውጣት ነው፣ በእሳቱ ሰ ሲጻፍ መስረቅ። የዕለቱ ምርጥ ጥያቄ ጎተራ ላይ ተጠየቀ፤ ተጠያቂዋ በሌለችበት።

ደወልኩና ነገርኳት። ዝም አለች። ከዚያ «ስልኩን ይዘሃል?» አለችኝ።

ሌላው ዓለም እንዴት ያደርጋል ብዬ ትንሽ አየሁ። አውሮፓ ውስጥ አንዳንድ ኮንፈረንሶች ላይ ታዳሚው ሲወጣ አረንጓዴ፣ ቢጫ ወይም ቀይ ካርድ ሳጥን ውስጥ ይጥላል። (በኛ ባንዲራ መሆኑ ነው።) ፈጣን ነው፤ ግን ቀይ ምክንያት አይናገርም። ይበልጥ የገረመኝ አይ.ሲ.ኤል.አር. የሚባለው የማሽን ለርኒንግ ኮንፈረንስ ነው። በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሊካሄድ ተወስኖ፣ ኮቪድ መጣና በኢንተርኔት ብቻ ሆነ። እዚያ ለሚቀርብ ጽሑፍ ገምጋሚው ስሙን ደብቆ ይተቻል፣ ትችቱ ግን ለማንም ይታያል፣ ጸሐፊዎቹም እዚያው ይመልሳሉ። ስም መደበቁማ እኛም ጋ አለ። የሌለን መልሱ ነው።

አያቴ ቅኔ ቤት ገብተው የወጡ ሰው ነበሩ። ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ መጀመሪያ ለመምህሩ ይነግራል፤ ነገራ ይሉታል። ስህተቱ የሚታረመው፣ ቤቱ የሚፈርሰው እዚያ ነው። ቤተ ክርስቲያን ቆሞ ሲቀኝ ደግሞ ሰሚው «ይበል! ይበል!» ይላል። እኛ ነገራውን ዘለን በቀጥታ ይበል ላይ ነን።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ አምስት ስድስት ሆነን ቃሊቲ አንድ ጓደኛችን ሳሎን እንሰበሰባለን። ንግግር ያለበት ሰው ከኮንፈረንሱ በፊት እኛ ላይ ይሞክረዋል፤ ቡና እየተፈላ፣ ስላይዱ ግድግዳው ላይ እየበራ። ባልደረባዬ ባለፈው አዲሱን አቀረበች፦ ፍለጋው መጀመሪያ እንደተጻፈው ይፈልጋል፣ ካጣ ነው ወደ ተመሳሳይ ድምፅ የሚሄደው። የሠረቀ እና የሰረቀ ምሳሌ ሦስተኛው ስላይድ ላይ አለ። የታክሲው ልጅም ከቂሊንጦ መጥቶ ነበር። እስከ መጨረሻው ሰማና ስኒውን አስቀምጦ፣ «ሐሳቡ ገብቶኛል» አላት፤ «ግን አጻጻፉን ራሱ ተሳስቶ ለጻፈ ሰውስ? አብዛኞቻችን እኮ ነን።»

እሷም ላፕቶፗን ወደሱ አዞረችና ወንበሯን ሳበች።