የደረቁ ወንዝ ዳርቻ

የሰባት ዓመቷ የልጅ ልጄ ክረምቱን ከእኔ ጋር ልታሳልፍ ከአዲስ አበባ ጅግጅጋ በመጣች በሁለተኛው ቀን፣ «እማማ፣ ባሕር ዳርቻ ውሰጂኝ» አለችኝ። በቴሌቪዥን አይታ ነው። «ነገ በጠዋት እንሄዳለን» አልኳት።

ባሕር እንኳ የለንም። ያለን ቶግ ነው። ሶማሊዎች ዝናብ ሲጥል ብቻ የሚሞላውን፣ በሌላው ጊዜ አሸዋ ሆኖ የሚከርመውን ወንዝ ቶግ ይሉታል። የድንበሯ ከተማ የቶግ ውጫሌ ስምም በዚሁ ቃል ይጀምራል።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በየማለዳው በዚህ ዳርቻ እራመዳለሁ። ከ30 ዓመት በላይ የደም ግፊት ታካሚዎችን «በቀን ግማሽ ሰዓት ተራመዱ» ስል ኖሬ፣ ራሴ የጀመርኩት ግን የገዛ ግፊቴ 160 በ100 ሆኖ ሲገኝ ነው።

በማግስቱ ገና በማለዳው ወጣን። ፀሐይዋ የካራማራን ተራራ ፊት አቅልታዋለች። የግመል ወተት የሚሸጡ ሴቶች ጀሪካኖቻቸውን ደርድረው ተቀምጠዋል። አንዷ ለልጅቷ በኩባያ ቀዳችላት፤ እሷም «ጢስ ጢስ ይላል» ብላ ፊቷን አጨማደደች፤ ግን ጨረሰችው። ውሃ የጫነ የአህያ ጋሪ አለፈን፤ ኋላው የቀረው ባጃጅ ጥሩንባውን ያንባርቃል። ሻይ ቤቱ ደጃፍ የተቀመጡት ሽማግሌዎች «ሲስተር፣ ነበድ?» አሉኝ። «ነበድ» አልኳቸው፤ ሰላም ማለት ነው። የጅግጅጋ ነፋስ እሾህ አጥሩ ላይ የሰቀላቸውን ፌስታሎች ልጅቷ «ባንዲራ» አለቻቸው።

አሸዋው ጋ ስንደርስ ጫማዋን አውልቃ ኳስ ከሚጫወቱት ልጆች አጠገብ መቆፈር ጀመረች። ክንዷን ያህል ስትቆፍር እርጥብ አሸዋ አገኘች።

«ውሃው ባሕር ይሄዳል?»

«ሊሄድ ይነሳል፤ ግን ብዙ ጊዜ አይደርስም» አልኳት። የጅግጅጋ ሜዳ ውሃ በጀረር ሸለቆ አድርጎ ወደ ፋፈን ይወርዳል። ፋፈን ዝናቡ ካልበረታ ዋቢ ሸበሌ ላይ አይደርስም። ሸበሌም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ሕንድ ውቅያኖስን ሳያይ ሶማሊያ ውስጥ ረግረግ ላይ ይቀራል።

ይህን እያወራኋት ቀና ስል ካራማራ በጥቁር ደመና ተሸፍኗል። እኛ ዘንድ ፀሐይ ነው። እጇን ይዤ ሌሎቹንም ጠራኋቸው፦ «ውጡ!»

«ዝናብ የለም እኮ፣ አዬዮ!» አለኝ አንዱ፤ አያቴ ማለቱ ነው።

ይህን ቃል አውቀዋለሁ። በሥራ ዘመኔ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከተማው ላይ ጠብታ ባልወረደበት ቀን፣ ከቶግ የወጣ የስምንት ዓመት ልጅ አመጡልን። አፍና አፍንጫው አሸዋ ሞልቶታል። ልናድነው አልቻልንም። እናቱ «ዝናብ እኮ አልዘነበም» እያለች ነበር የምታለቅሰው። ውሃው ግን የዘነበው ሌላ ቦታ ነው። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ማብቂያ ድሬዳዋ ላይም እንዲሁ ሆነ፤ ከደጋው የወረደ ጎርፍ ደረቁን የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ።

ወላጆችና አያቶች፣ ልጆቻችንን ከአሸዋው አንከልክላቸው፤ ሌላ ሜዳ የላቸውም። ግን ላያቸው ላይ ያለውን ሰማይ ብቻ ሳይሆን የተራራውን ሰማይ እንዲያዩ እናስተምራቸው። ከላይ በኩል ከጠቆረ ወይም ጉምጉምታ ከተሰማ ኳሱን ትተው ወደ ዳር ይውጡ። ከጉልበት በታች የሆነ ውሃም ሲጣደፍ አዋቂን ይጥላል፤ ሕፃን ልጅማ እንዴት ይቆማል?

ያን ቀን ዳር ላይ ቆመን ብንጠብቅ ጎርፍ አልመጣም። ልጆቹ ሳቁብኝ። ይሳቁ።

በማግስቱ ተመልሰን ሄድን። ልጅቷ ጫማዋን ልታወልቅ ጎንበስ አለችና ተወችው። ቀና ብላ መጀመሪያ ካራማራን አየች። ጥርት ብሏል። ከዚያ አወለቀች።