የቤት ውስጥ ጠብ

በሙቀት ቀን እንኳ እጅጌዬን የማልሰበስበው ለምን እንደ ሆነ ልንገርህ። በሁለቱ ክርኖቼ ላይ ቀይ ሆኖ የሚነሣ፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት ነጭ ሆኖ የሚረግፍ ሕመም አለብኝ። ሐኪሞች ሶሪያሲስ ይሉታል። አይጋባም። ዳሩ ግን አንድ ባልደረባዬ ክርኔን አይቶ የዘረጋውን እጁን ሲሰበስብ ካየሁ ወዲህ፣ ለሁሉ እየዞሩ ከማስረዳት መሸፈን ይቀለኛል።

የቆዳ ብልሽት ይመስለኝ ነበር። ባነብ ግን ጠቡ ከገዛ ዘበኞቼ ጋር ሆኖ አገኘሁት። በደማችን ውስጥ ረዳት ቲ ሴል የሚባሉ ነጭ ሴሎች አሉ፤ ተሕዋስያን ሲገቡ ሌሎቹን ተዋጊዎች የሚያነሣሡ ናቸው። ረዳቱ ሥራውን ሳይለይ በፊት ከሌሎች ሴሎች ሳይቶካይን የሚባሉ የፕሮቲን መልእክቶች ይደርሱታል፤ ምን ዓይነት ረዳት እንደሚሆንም በአብዛኛው የሚወስኑት እነዚህ ናቸው። በ1986 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጠራለሁ) ሞስማን፣ ኮፍማንና ባልደረቦቻቸው በአይጥ ሴሎች ሁለት ዓይነት ረዳቶችን ለይተው አሳዩ።

ከዚያ በኋላ የሆነው የፍርድ ስሕተት ነው። ሰውነት ራሱን ሲያጠቃ ጥፋቱ በመጀመሪያው ዓይነትና እርሱን በሚያነሣው በኢንተርሉኪን 12 ላይ ተጣለ። ማስረጃው ፒ 40 የተባለው የ12 ክፍል የሌላቸው አይጦች አለመታመማቸው ነበር። በ2000 ግን ያንኑ ፒ 40 የሚጋራ ወንድም፣ ኢንተርሉኪን 23 ተገኘ። ለካስ ሊቃውንቱ ሁለቱን ባንድነት ኖሯል ያጠፉት! በ2003 እንደ ታየው፣ 23 ብቻ የሌላቸው አይጦች ከአንጎል መቆጣት ሲድኑ 12 ብቻ የሌላቸው ታመሙ። 12 በወንድሙ ጥፋት ተከሶ ኖሮ ነበር።

23 የሚያበረታው ቲ ኤች 17 የተባለውን ሦስተኛ ዓይነት ረዳት ነው፤ ይህም በእኔ ክርን ላይ የቆዳን ሴሎች ያለ ልክ የሚያባዛው ነው። እኔን ከሁሉ የገረመኝ ግን በ2006 በአይጥ የታየው ነገር ነው፤ ቲ ጂ ኤፍ ቤታ የተባለው መልእክት ብቻውን ሲደርስ ጠብ አብራጅ ሴል ያወጣል፤ ኢንተርሉኪን 6 ሲጨመርበት ግን ያው ጀማሪ ሴል ቲ ኤች 17 ይሆናል።

ፒ 40ን የሚያግድ መርፌ በ2009 ለሶሪያሲስ ተፈቀደ፤ 23ን ብቻ የሚለዩም ተከትለው መጡ። ሐኪሜ ነግሮኛል፤ ዋጋውን ስሰማ ወደ ቅባቴ ተመለስሁ። እስከዚያው፣ እጄን ስዘረጋልህ አትሽሽ፤ ጠቡ ወዳንተ አይሻገርም።