ሁለተኛው መስመር

አባዬ ከሱሉልታ ወደ አዲሱ ገበያ የሚወስደውን ቁልቁለት ሁልጊዜ በሁለተኛ ማርሽ ነው የሚወርደው። የኋላ ሞተሯ ይጮሃል፤ ከኋላችን ያሉት ሚኒባሶች ክላክስ ይደረድራሉ። ልጅ ሳለሁ አፍሬ ከወንበሩ ሥር እሸጎጥ ነበር። ሳድግ ደግሞ እርጅና ነው ብዬ ተውኩት።

መኪናዋ የ1965 ሞዴል ቮልስ ናት። አባዬ አንድ ነገር እንኳ እንዲቀየርባት አይፈልግም።

ባለፈው ክረምት አክስቴን ጠይቀን ስንመለስ የምነዳው እኔ ነበርኩ። ቸኩዬ በአራተኛ ማርሽ፣ ፍሬን እየረገጥኩ ወረድኩ። ግማሽ መንገድ ላይ ፔዳሉ ለሰለሰብኝ። ደግሜ ስረግጠው ወለሉን ነካ። አባዬ አልጮኸም። "ማርሽ ቀንስ" አለኝ፤ የእጅ ፍሬኑን ቀስ አድርጎ እየሳበ። ስንቆም ከፊታችን ካለው የጭነት መኪና ሁለት እርምጃ ቢቀረን ነው።

ቡራዩ መካኒኩ ሲከፍተው የፍሬን ዘይቱ ጠቁሯል። ዘይቱ እርጥበት ይስባል፤ ውሃ የገባበት ዘይት ሲግል ቶሎ ይፈላል። እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል፤ እግር ቢረግጥም ኃይሉ ሸራው ጋ አይደርስም። በዚያ ላይ አራቱም ጎማ የሚታዘዘው ከአንድ ማስተር ሲሊንደር፣ በአንድ መስመር ነው። አንድ ቦታ ከፈሰሰ አራቱም የሉም።

እኔ ኮድ ስጽፍ ነው የምውለው። አንድ ሰርቨር ሲወድቅ ሁሉም የሚወድቅበት ሲስተም ብሠራ አለቃዬ አያሳልፈኝም። እናቴን የምናሳፍርባትን መኪና ግን እንዲሁ አምነናት ኖረናል።

"ባለ ሁለት መስመር እናድርጋት" አልኩ። የፊቱና የኋላው ይለያያሉ፤ አንዱ ቢከዳ ሌላው ይይዛል።

"ኦሪጅናልነቷስ?" አለ አባዬ።

መካኒኩ ሳቀ። "ጋሼ፣ ለእሷ መለዋወጫ ሶማሌ ተራ አይጠፋም። ለእርስዎ ነው የማይገኘው።"

ዲስክ ፍሬን ለማስገባት ገንዘቤ አልደረሰም። ታምቡሩ እንዳለ ሆኖ ማስተር ሲሊንደሩን፣ ሸራውን፣ የላስቲክ ቱቦዎቹንና ዘይቱን ቀየርን።

በቀጣዩ እሑድ ከእናቴ ጋር ሱሉልታ ሄድን። ፔዳሉ ጠንካራ ነው፤ ገና ሲነካ ይይዛል። ስንመለስ አባዬ ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ማርሹን ወደ ሁለተኛ መለሰው። "አሁን እኮ ፍሬን አለ" ልለው ብዬ ተውኩት። ታምቡር እየተረገጠ ከጋለ ይደክማል፤ ሞተሩ ሲይዛት ግን ፍሬኑ ለክፉ ጊዜ ይቆያል። እሱ ይህን ሳይናገር ሲሠራበት ኖሯል። ለካ ያን ሁሉ ዓመት ሁለተኛ መስመር ነበረን።

ከኋላችን ክላክስ ተደረደረ። እኔም ቀና ብዬ ተቀመጥኩ።