ስሙ የበደለው አሞራ

በአማርኛችን ክንፉን ዘርግቶ የሚያንዣብብ ወፍ ሁሉ እኩል ክብር የለውም። ንስር የኃይልና የመታደስ ምሳሌ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን በጎንደር የተዋጉት አርበኛ ውብነህ ተሰማ «አሞራው» ሲባሉ፣ ስሙ ማዕረግ እንጂ ስድብ አልነበረም። ጥንብ አንሳ ግን ከነስሙ የተዋረደ ነው።

ነገሩን በጥሞና እንዳስብበት ያስገደደኝ ሥራዬ ነው። የምኖረው ናይሮቢ፣ የምተዳደረውም በትርጉም ነው። አንዲት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ በኬንያ ስለ ሩፔል ጥንብ አንሳ ሥነ ምህዳርና ጥበቃ የሠራችውን ጥናት ማጠቃለያ ወደ አማርኛ እንድመልስላት ጠየቀችኝ። አማርኛው ለምን እንዳስፈለገ ስጠይቃት፣ በኬንያ መከታተያ መሣሪያ የተገጠመላቸው አሞሮች ኢትዮጵያና ሱዳን ድረስ እንደሚዘልቁ ነገረችኝ። «እዚህ ጠብቀናቸው እዚያ ቢሞቱ ምን ፋይዳ አለው?» አለች።

እውነትም ወፉ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የተሰየመው እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ኢትዮጵያን በጎበኘው ጀርመናዊ ተጓዥ በኤድዋርድ ሩፔል ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ከዝርያው አንዱ በአቢጃን ሰማይ ላይ፣ ከ11,000 ሜትር በላይ ከፍታ፣ ከአውሮፕላን ጋር ተጋጭቷል። ከዚያ ከፍ ብሎ የበረረ ወፍ አልተመዘገበም።

የዚህ ወፍ ጥቅም ግን ይበልጥ የሚታየው መሬት ሲወርድ ነው። ዳርሲ ኦጋዳና ባልደረቦቿ በኬንያ ላይኪፒያ አካሂደው እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት፣ ጥንብ አንሶች ያልደረሱበት በድን እስኪያልቅ ሦስት እጥፍ ያህል ጊዜ ወስዷል። በዙሪያው የሚሰበሰቡት አጥቢ እንስሳትም በሦስት እጥፍ ገደማ ጨምረዋል። ጅብና ቀበሮ በአንድ በድን ላይ ሲርመሰመሱ፣ በሽታ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገርበት መንገድ ይሰፋል።

ታዲያ ይህን ወፍ የሚገድለው ማን ነው? ብዙውን ጊዜ ጠላቱ አይደለም። ላሙን አንበሳ ወይም ጅብ የበላበት አርብቶ አደር በተረፈው ሥጋ ላይ የተባይ ማጥፊያ ይነሰንሳል፤ መርዙ የታሰበው ለአውሬው ነው። ጥንብ አንሳ ግን ምግቡን የሚያገኘው በዓይኑ ነው። አንዱ ሲወርድ ያየ ሁለተኛው ይከተለዋል፤ ሁለተኛውን ያየ ሦስተኛው ይከተላል። ስለዚህ አንድ የተመረዘ በድን መቶ አሞራ ሊፈጅ ይችላል። የሞተውም ፈጥኖ አይተካም፤ ሩፔል ጥንብ አንሳ በአንድ የመራቢያ ወቅት የሚጥለው አንድ እንቁላል ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ዝርያውን ከዱር ከመጥፋት በፊት ባለው የመጨረሻ የአደጋ ደረጃ ላይ አስቀመጠው። በዓመቱ የወጣ አህጉር አቀፍ ጥናት ደግሞ ከተመዘገቡት የጥንብ አንሳ ሞቶች 61 በመቶው በመርዝ የደረሰ መሆኑን አመለከተ።

በትርጉሙ ብዙ ያቆየኝ ስሙ ነበር። አንባቢው «ጥንብ አንሳ» የሚለውን ሲያይ ፊቱን ቢያዞርስ? ብዬ «ንስር» ልለው ቃጣኝ። ምክንያትም አላጣሁም። ብዙ ሊቃውንት መጽሐፍ ቅዱስ «ኔሸር» የሚለው የዕብራይስጥ ስም ጥንብ አንሳን እንደሚጨምር ይናገራሉ፤ በትንቢተ ሚክያስም መላጣነት በዚሁ ወፍ ተመስሏል። ንስር ደግሞ መላጣ አይደለም።

በመጨረሻ የቆየውን ስም አልለወጥኩም። ቃሉን ደጋግሜ ሳየው ነውሩ ከውስጡ አልተገኘም። «አንሳ» ማለት የሚያነሳ፣ ሌላው አፍንጫውን ይዞ የሚያልፈውን ከመንገድ የሚያስወግድ ማለት ነው። የቀደሙት ሰዎች ወፉን የሰየሙት በሥራው ነው፤ ንቀቱን የጨመርነው እኛ ነን። የናቁትን ደግሞ ሲሞት የሚቆጥርለት የለም።

ማጠቃለያው አርብቶ አደሩን አይወቅስም፤ ላም ማጣት ቀላል ጉዳት አይደለምና። የሚመክረው የሌሊት በረት እንዲጠናከር፣ የተመረዘ በድን ሲገኝም ሳይውል ሳያድር እንዲቃጠል ወይም በጥልቅ እንዲቀበር ነው። ይህን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር የተረጎምኩት ያለ አንዳች ማስዋብ ነው። በድኑን ያገኘ ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት ወዲያው ሊገባው ይገባል፤ አሞሮቹ ከመውረዳቸው በፊት ያለው ጊዜ አጭር ነው።