በአዋላጅ ኋላ ቆሞ ስለ መማር

ልጅ ለሐኪምነት ትምህርት ሲላክ የቤተ ዘመዱ ደስታ የጋራ ነው፤ ለነርስነት ወይም ለአዋላጅነት ሲላክ ግን ፊቱን የሚያጠቁር አይታጣም። ባለፈው ዓመት አንድ ወዳጃችን፣ በነቀምት የአዋላጅነት ትምህርት ስለ ጀመረች ልጃቸው፣ «የሰው ደም ስትጠርግ ከምትኖር ወደ ሌላ ትምህርት ብትዛወር አይሻልምን?» ሲሉ ምክራችንን ጠየቁን። እኛም ሥራውን ሳንመረምር መምከር ስላልወደድን፣ ወደ ነቀምት ሄደን ልጅቱን አነጋገርናት።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት በእጇ አንዳች አልነካችም፤ ትምህርቷ በሆስፒታሉ አዋላጇን እየተከተሉ ማየት ብቻ ነበር። አዋላጇ ወደ ወላዷ ስትቀርብ አስቀድማ እጇን በሳሙና ትታጠባለች፤ በኦሮምኛ ሰላምታ ትሰጣለች፤ ቀጥላም «ይህች ተማሪ ናት፤ ቆማ ብታይ ትፈቅጃለሽን?» ብላ ትጠይቃለች። ወላዷ እንቢ ያለች እንደ ሆነ ተማሪዋ ትወጣለች። ያየችውንም ሁሉ በውጭ አታወራም።

ልጁ ከተወለደ በኋላ የሁሉ ዓይን ወደ ሕፃኑ ሲዞር፣ የአዋላጇ ዓይን ከእናቲቱ አይነሣም። ሆዷን ዳስሳ ማሕፀኗ መጠንከሩን ትመረምራለች፤ ክንዷን ይዛ የደም ሥሯን ምት በሰዓት ትቈጥራለች፤ ጨርቁን ገልጣ የፈሰሰውን ደም ትገምታለች። ደሙ ከግማሽ ሊትር ካለፈ አደገኛ ነውና፤ ማሕፀኑ ከላላ በእጅ ይታሻል፣ የሚያጠነክር መድኃኒት ይሰጣል፣ ሐኪም ይጠራል። ልጅቱም «ልኩን ከመጽሐፍ ዐወቅሁት፤ ጨርቁን በየጊዜው መግለጥን ግን ከእርሷ ተማርሁ» አለችን።

ይህ ሥራ ለከበረ ቤት የማይገባ የሚመስለው ሰው ቢኖር፣ ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴን ያስታውስ። በስደት ዘመን፣ በ1928 ዓ.ም.፣ በሎንዶን የሕፃናት ሆስፒታል የነርስነት ትምህርት ጀመሩ፤ የንጉሠ ነገሥት ልጅነታቸውም ከጀማሪነት ሥራ አላስቀራቸውም፤ በ1931 ዓ.ም. የምስክር ወረቀታቸውን ተቀበሉ። አገራችን ነፃ ከወጣች በኋላ ተመልሰው፣ በ1934 ዓ.ም. ሌተና ኮሎኔል ዐቢይ አበበን አግብተው፣ ባለቤታቸው ገዥ ወደ ሆኑበት ወደ ወለጋ ሄዱ። በዚያው ዓመት ነሐሴ 11 ቀን፣ ከእርግዝና በመጣ ሕመም በዚያው በነቀምት ዐረፉ። መታሰቢያ እንዲሆንም በአዲስ አበባ በስማቸው ሆስፒታል ተሠራ።

ከዚህ ታሪክ የተረዳነው ይህ ነው፦ እናት የንጉሥ ልጅ ብትሆን፣ ራሷ ነርስ ብትሆን፣ በጭንቋ ሰዓት ራሷን ልትጠብቅ አይቻላትም፤ ዓይኑን የማያነሣባት ሌላ ሰው ያስፈልጋታል። ያም ሰው ከመጽሐፍ ብቻ አይወጣም፤ ከሚያውቅ ሰው ኋላ ብዙ ቀን ቆሞ ያየ መሆን አለበት።

ስለዚህ ለወዳጃችን «ልጅዎ ትምህርቷን ትቀጥል» ስንል መለስን። እርሳቸው ደም መጥረግ ያሉት ሥራ፣ የፈሰሰው ደም ስንት እንደ ሆነ በጊዜ ዐውቆ እናትን ለልጆቿ ማትረፍ ነውና። ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁን ከእንዲህ ያለ ትምህርት ከመከልከላችሁ በፊት፣ አስቀምጣችሁ የዋለችበትን ጠይቋት።