ያለ መመሪያ የጋራ የነበረ

በደርግ ዘመን ስለ አምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሲወራ ቶሎ ስሟ የሚነሣ አንዲት የምሥራቅ ጎጃም መንደር ነበረች፤ የጥኖራ። ሞዴል ነበረች። ያኔ ለገበሬው የተዘረጋለት መሰላል ሦስት ደረጃ ነበረው፦ መልባ፣ ወልባ፣ ወላንድ። መልባ ላይ መሬቱ የጋራ ሆኖ በሬና ሞፈር ለባለቤታቸው ይቀራሉ፤ ወልባ ላይ በሬውም ይገባል። የቢቸናና የሞጣ ገበሬ በ1960 «መሬታችን ሊለካ ነው» ብሎ የእርሻ ገቢ ግብርን በመቃወም መነሣቱን የሚያስታውስ ሰው፣ መሰላሉ ለምን እንደ ከበደ ማንንም አይጠይቅም። የካቲት 1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ አብዛኛው ማኅበር ለመፍረስ ብዙ ጊዜ አልፈጀበትም።

የሚያስቀው፣ በዚያው አገር ሊቀመንበርም መተዳደሪያ ደንብም የሌላቸው የጋራ ንብረቶች ሞልተው ነበር።

ሬዲዮን እንውሰድ። ሬዲዮ መግዛት ማለት የባትሪ ድንጋይ የመግዛት ግዴታ እንጂ ብቻን የማዳመጥ መብት አልነበረም። ማታ ጎረቤቱ ይሰበሰባል፤ ድምፁ ሲሰልል ሁሉም ባለቤቱን በወቀሳ ዓይን ያያል። በማግስቱ ድንጋዮቹ ተደርድረው ፀሐይ ይሞቃሉ። ነገሩ እንዲሁ ልማድ ብቻ አልነበረም፤ ሙቀቱ በውስጣቸው የቀረውን ኬሚካል ስለሚያነቃቃው ለአንድ ዜና የሚበቃ ጉልበት ያገኛሉ። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርከው ደግሞ ለምሥራቅ ጎጃም ሰው ጉዳዩ የቅርብ ነበር። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ ራሳቸው የጎዛምን ሰው ናቸው፤ የልቦለዱ ፊታውራሪ መሸሻ አገር ዲማም ከቢቸና አትርቅም። እስከ ዛሬ እውነት አፉ ውስጥ የማትቆይለት ሰው በልቦለዱ ገጸ ባሕርይ ስም «ጉዱ ካሣ» ይባላል፤ ብዙዎቹ ጠሪዎች መጽሐፉን ገልጠው አያውቁም።

ደብዳቤው ግን ከሬዲዮም ይብስ ነበር።

ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ተሳፋሪ እጅ የመጣ ደብዳቤ ለአባት ይደርሳል፤ አባት ፊደል አልቆጠሩም። «ና እስቲ ልጄ፣ አንብብልኝ» ተብሎ የጎረቤት ተማሪ ይጠራል። ቤቱ ይሞላል። ልጁ ጉሮሮውን ጠርጎ «ይድረስ ለውድ አባቴ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከእርስዎ ናፍቆት በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ሲል እናት ከወዲያ «እልል» ይላሉ። ዋናው ጉዳይ ሁለት መስመር ነው፤ የቀረው ሰላምታ። እትዬ እገሌን፣ ጋሼ እገሌን፣ የእገሌን ልጆች በሙሉ ሰላም በሉልኝ። ዛሬ ያንን ዝርዝር የሚያነብ ሰው ይሰለቸው ይሆናል፤ ጸሐፊው ግን አውቆ ነበር ያደረገው። ደብዳቤው ጮክ ተብሎ እንደሚነበብ፣ ስሙ ያልተጠራ ጎረቤትም እዚያው ተቀምጦ እንደሚያኮርፍ ያውቃል። ምሥጢር ያለው ሰው በወረቀት አይልክም፤ በመንገደኛ አፍ ነው የሚልከው።

አንባቢነቱም ቀላል ሹመት አልነበረም። ቆሎ ይዘገንለታል፣ ምርቃት ይወርድለታል፤ ክፉ ወሬ ሲያጋጥመው ዘሎ ማለፍን የሚችል ልጅ በተለይ ይወደድ ነበር። ይህን ሥልጣን የነቀነቀው ሐምሌ 1971 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። በአሥራ አምስት ቋንቋዎች የተካሄደው ይህ ዘመቻ በውጭ ዓለምም ተሸልሟል፤ አባትና እናት ከልጅ ልጆቻቸው እኩል ሀ ሁ ቆጥረዋል። ለአገር ትልቅ ድል፣ ለቆሎ በላተኛው ተማሪ ኪሳራ።

ስልኩ እንኳ የግል አልነበረም። ቴሌ ቤት ወረፋ ይዞ የቆየ ሰው፣ መስመሩ ሲገባለት ከዚህ ከጮኸ እዚያ የሚሰማለት ስለሚመስለው፣ ተራ ጠባቂው ሁሉ የቤተ ሰቡን ጉዳይ አብሮ ይሰማዋል። ሞባይል በ1991 አዲስ አበባ ላይ ሲጀምር ይህ ጨዋታ ማለቂያው ቀረበ።

ያ ዘመን የተሻለ ነበር ማለት ያስቸግራል። ጎረቤት ሁሉ ጉዳይህን ማወቁ በሐዘን ቀን ደግ፣ ብድር በጠየቅህ ቀን ግን መከራ ነው። አሮጌዎቹ ደብዳቤዎች ግን በየሣጥኑ አሉ። ቢቸና፣ ሞጣ ወይም የትም ቤተ ሰብ ያላችሁ፣ ወረቀቱ በአይጥና በእርጥበት ሳያልቅ ፎቶ አንሡት፤ የሰላምታው ዝርዝር ውስጥ ያሉት እነማን እንደ ሆኑም የሚያውቁ ሰዎች በሕይወት እያሉ ጠይቃችሁ ጻፉት።