በሎስ አንጀለስ ስላለችው ትንሿ ቶኪዮ

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1931 ዓ.ም. ወደ ጃፓን ተልከው በሄዱ ጊዜ ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በተባለው መጽሐፋቸው ጽፈውልናል። እኛ ግን ዛሬ የምንተርከው፥ ጃፓኖች ከአገራቸው ርቀው ወግና ልማዳቸውን ለልጆቻቸው ስላቈዩባት አንዲት ሰፈር ነው። ዓመታቱንም ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር እንጽፋለን።

ሰፈሪቱ በአሜሪካ በሎስ አንጀለስ ከተማ መካከል ትገኛለች፤ ስሟም ሊትል ቶኪዮ ይባላል፥ ትንሿ ቶኪዮ ማለት ነው። አጀማመሯ እጅግ ትንሽ ነበረ። ቀድሞ መርከበኛ የነበረ አንድ ጃፓናዊ በ1884 ገደማ በፈርስት ስትሪት መንገድ ምግብ ቤት ከፈተ፤ ከዚያም ወዲያ ሌሎች እየተከተሉት ሰፈሩ ሞላ። በ1903 የተከፈተው ፉጌትሱ ዶ የሚባለው ጣፋጭ መሸጫ እስከ ዛሬ በዚያው ቤተ ሰብ እጅ ነው፤ ከሩዝ ሊጥ የሚሠራው ሞቺም ከዚያ ይገዛል።

ጃፓኖች ከአገር የመጡትን አባቶች ኢሴይ፥ በአሜሪካ የተወለዱትን ልጆች ኒሴይ፥ የልጅ ልጆችንም ሳንሴይ ይሏቸዋል። በ1934 የገንዘብ ችግር በጸናበት ዘመን፥ ልጆቹ ከአባቶቻቸው ሱቅ ይልቅ ወደ ሌላው ገበያ እያዘነበሉ ስለ ሄዱ፥ ነጋዴዎችና ወጣቶች ተማክረው የኒሴይ ሳምንት የተባለውን በዓል አቆሙ። ይህም በዓል በነሐሴ ወራት ይከበራል። ሴቶችና ልጆች ኪሞኖ ለብሰው በመንገድ ላይ በሰልፍ ያሸበሽባሉ፤ ታይኮ የሚባለው ትልቁ ከበሮ ይመታል፤ አበባ የመደርደር፥ ሻይ የማቅረብና በብሩሽ የመጻፍ ጥበብም ይታያል። መንገድ ዳር ቆሞ ሰልፉን ለሚያይ ገንዘብ አይጠየቅም፤ ኦንዶ በሚባለውም ጭፈራ እንግዳ ቢገባ ደስ ይላቸዋል እንጂ አይከለክሉትም።

ነገር ግን ይህ ደስታ በመከራ ያለፈ ነው። ጃፓን ከአሜሪካ ጋራ ጦርነት ከገጠመች በኋላ፥ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በየካቲት 1942 በፈረሙት ትእዛዝ 120,000 ያህል የጃፓን ዘር ያላቸው ሰዎች ከምዕራብ ጠረፍ ተነሥተው በጥበቃ ሰፈር ተዘጉ። ከሦስቱ ሁለቱ እጅ በአሜሪካ የተወለዱ ዜጎች ነበሩ። በእጃቸው ሊሸከሙት የሚችሉትን ብቻ ይዘው ሄዱ፤ የቀረውን ዕቃ አንዳንዶቹ በ1925 በተሠራው በቡድሃ ቤተ መቅደስ አኖሩት። ከዚያው ደጅም በአውቶቡስ ተሳፈሩ።

ከጦርነቱ በኋላ የተመለሱት ሱቃቸውን እንደ ገና ጀመሩ፤ በዓሉም በ1949 ተመለሰ። መንግሥት በ1988 በሕግ ይቅርታ ጠይቆ በሕይወት ለተገኘው ለእያንዳንዱ 20,000 ዶላር ካሣ ወሰነ። ያም ቤተ መቅደስ በ1992 የጃፓን አሜሪካውያን ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ። ሆኖም የቤት ኪራይ እየናረ የቆዩትን ሱቆች ስለሚያስለቅቅ፥ በ2024 ሰፈሪቱ በአሜሪካ ለጥፋት ከተጋለጡት ከ11ዱ ታሪካዊ ቦታዎች እንደ አንዷ ተቈጥራለች።

በዚሁ ከተማ በፌርፋክስ መንገድ የእኛ ወገኖች የሚነግዱበት ሰፈር በ2002 ሊትል ኢትዮጵያ ተብሎ ተሰይሟል። እንጀራውም ቡናውም በዚያ ይገኛል፤ ስለዚህም ከጃፓኖቹ ነገር ለእኛ የሚጠቅም ትምህርት አለበት። እነዚያ ሽማግሎች በዓሉን በራሳቸው ስም አልጠሩትም፥ በልጆቻቸው ስም ሰየሙት እንጂ። ልጅ በአባቱ በዓል ላይ እንግዳ ሆኖ ከተቀመጠ በማግስቱ ይረሳዋል፤ ከበሮውን ራሱ እንዲመታ ከተሰጠው ግን ለልጁ ያስተምረዋል። በውጭ አገር ልጅ የምታሳድጉ አባቶችና እናቶች ሆይ፥ ይህን አስቡበት፤ በዓሉን ለልጆቻችሁ ብቻ አታሳዩአቸው፥ አስረክቧቸው።